ባዶ የተመለሰ ሳህን

ግራንት ፕሬስኮት እሑድ ከማዕዴ በልቶ ሐሙስ ልጄን አሳልፎ ሰጠው። ባፋሎ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ግን አብዛኛው ሰው "ንግድ ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ" ብሎ ያልፈዋል። እኔ አላልፈውም።

ልጄ ዛቪዮን የከተማችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ኮከብ ነበር። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ፕሬስኮት ደግሞ ተጫዋች የሚያመጣውና የሚለውጠው የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ልጄን ተከትዬ ከሜምፊስ ስመጣ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተከራይቼ ነበር፤ "ሚስ ቨርሊን፣ ኪራይ ምን ያደርግልዎታል? ዛቪዮን እዚህ ነው የሚያረጀው፤ ቤት ይግዙ" ያለኝ እሱ ነው። አምኜ ገዛሁ። መጋረጃውን ራሴ ሰፋሁ፣ በረንዳውን ራሴ ቀባሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ተመዘገብኩ፣ መዘምራን ውስጥ ገባሁ። ሰው ሊሞትበት ባሰበው አገር የሚያደርገውን ሁሉ አደረግሁ።

በዚያ እሑድ መጥቶ የተጠበሰ ዶሮዬን በላ፤ ጎመኑን ደገመ፤ መኮሮኒውን ሰለሰ። ሲወጣ ከምድጃ የወጣውን ኮብለር የሚሉትን የኮክ ጣፋጭ በእናቴ ሰማያዊ ሳህን ሞልቼ ሰጠሁት። እኛ ዘንድ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። ታጥቦ፣ አንድ ነገር ተደርጎበት ነው የሚመለሰው። የሌለው ሰው አንድ ሎሚ ጣል ያደርግበታል። ይህንኑ ስነግረው ሳቀና "ቃሌ ነው" አለኝ። ያን ጊዜ ልጄን የሚሰጥበትን ውል ጨርሶ በኪሱ ይዞት ነበር።

ዛቪዮን ወሬውን የሰማው ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ሆኖ ነው። ግማሽ ራሱ ተቆርጦ፣ ግማሹ እንዳለ፣ ስልኩን ሲያይ ኦማሃ የሚባል ሌላ ከተማ ቡድን ተጫዋች ሆኗል። ማንም ቀድሞ አልደወለለትም። ፎጣውን ከአንገቱ ፈትቶ ወጣ፤ ቀሪውን ግማሽ የተቆረጠው ኦማሃ ነው። እኔም የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል የምሰማው ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅሁ።

በሰው ቢለውጠው እንኳ አንድ ነገር ነው። የለወጠው በተራ ነው። በየበጋው ቡድኖች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይሉታል። በዓመቱ ውስጥ ደካማ የነበሩት ዕጣ ተወጥቶላቸው ይቀድማሉ፣ ጥሎ ማለፍ የገቡት ከኋላ ይሰለፋሉ። ፕሬስኮት ልጄን ሰጥቶ የኦማሃን የሚቀጥለውን ዓመት ተራ ተቀበለ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ሚስተር ኦቲስ ደጄ ላይ የተከመረውን በረዶ እየዛቁልኝ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ለቡድኑ ሲሉ ሚስታቸውን ያስቀየሙ ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ አትቆጪ እንጂ ሰውየው አልተሳሳተም" አሉኝ አካፋቸውን ተደግፈው። "በዛቪዮን ብቻ የትም አንደርስም ነበር። በየዓመቱ መሃል ላይ መንሳፈፍ ነው። ኦማሃ ግን ድልን በሕልሙም አያያትም። እሱ ጭራ ይወጣል፣ እኛ በእሱ ተራ ቀድመን እንመርጣለን። በሚቀጥለው ዓመት ለምርጫ የሚቀርበውን የኬንታኪ ልጅ አይተሽዋል? ጣራ ይነካል።"

"ጣራ የሚነካ ከፈለጋችሁ መሰላል ግዙ። ላም አለኝ በሰማይ ነው ይሄ። ወተቷን ማን አየ?"

"ትልቅ ቡድን የሚሠራው እንዲህ ነው፣ ቨርሊን። ዛሬን ሰጥተሽ ነገን ትገዣለሽ።"

"የሰጣችሁት የእኔን ልጅ ነው፤ የእናንተን ዛሬ አይደለም።"

በረዶውን መዛቅ ቀጠሉ። እኔም ወደ ቤት ልገባ ስል አንድ ነገር ከነከነኝ።

"ቆይ እስቲ፣ ሚስተር ኦቲስ። ተራው ዋጋ የሚያወጣው ኦማሃ ከተሸነፈ ነው?"

"እንዴታ። በተሸነፈ ቁጥር ዋጋው ይወጣል።"

"ካሸነፈስ?"

"ካሸነፈማ ወደ ኋላ እንገፋለን፤ ሌላው መርጦ የተወው ነው የሚደርሰን። ግን በምኑ ያሸንፋል?"

"አሁን ኦማሃ ማን አለ?"

አካፋቸውን በረዶው ላይ ሰክተው ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺን ያስቀየመ ወዮለት" አሉ።

ወዲያው ለዛቪዮን ደወልኩ። ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነው።

"እማ፣ እዚህ አልቆይም። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ እቀመጣለሁ። ሲሰለቻቸው ይለቁኛል።"

"ብትቀመጥ ማን ደስ ይለዋል?"

"እኔ እንጃ።"

"ፕሬስኮት። ኦማሃ ሲሸነፍ የሚበላው እሱ ነው። አንተ ስትተኛ እሱ ይወፍራል። የሸጠህ ሰው ዋጋህን ገና አልተቀበለም፣ የኔ ልጅ። የሚቀበለው አንተ ከተሸነፍክለት ብቻ ነው።"

 ከዚያ ከሐሙስ ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቁን ሰማሁት።

"እማ፣ አንቺ ክፉ ነሽ።"

"እሑድ እሑድ እጸልያለሁ። በቀረው ቀን ክፉ ነኝ።"

ሰው ሁሉ ቤቱን ሸጬ እንደምሄድ ጠብቆ ነበር። አልሸጥኩም። ልጄም ነይ ብሎኝ ነበር፤ አልሄድኩም። የፕሬስኮትን ውድቀት ከሩቅ መስማት አልበቃኝም፣ ፊቱን ማየት ፈለግሁ። መኸር ላይ አዲሱ ውድድር ሲጀመር በአዳራሹ የድሮ ወንበሬን በራሴ ገንዘብ ተከራየሁና የኦማሃን ቆብ አድርጌ ተቀመጥኩበት።

አንድ ቀን ፕሬስኮት በአጠገቤ ሲያልፍ አየኝና እጁን ዘረጋ። "ሚስ ቨርሊን! ደህና ነዎት?"

"ሳህኔስ?" አልኩት።

"የቱ ሳህን?"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ግን መርሳቱን ፊት ለፊት ማየት ሌላ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲያፍር ነበር የምፈልገው። ከዚያ በኋላ እንጀራው እንዲቆረጥ ፈለግሁ፤ ይህን ስል አላፍርም።

ኦማሃ ማሸነፍ ጀመረ። መጀመሪያ ፕሬስኮት በሬዲዮ "የአንድ ሰሞን ሙቀት ነው፣ ጥር ላይ ይወድቃሉ" አለ። ጥር መጣ፣ አልወደቁም። ቀጥሎ ሬዲዮ ላይ መቅረብ ተወ። የራሱን ቡድን ውጤት ትቶ ጠዋት ጠዋት የኦማሃን ያያል ተባለ። ከተማውም እንደ እሱ ሆነ፤ አምና የልጄን ስም በጀርባቸው ጽፈው የሚሄዱ ሰዎች እንዲሸነፍ ይመኙ ጀመር። የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ሳይቀር "እህት ቨርሊን፣ ለዛቪዮን ጤና እንጸልያለን፤ ድሉን ግን ጌታ ያስብበት" አለኝ። መዘምራኑ መሃል ቆሜ እንደዚያ ቀን ጮኼ ዘምሬ አላውቅም።

ሚያዝያ ላይ የመጨረሻው ጨዋታ እዚሁ ባፋሎ ሆነ። ኦማሃ ካሸነፈ ጥሎ ማለፍ ይገባል፤ ከተሸነፈ ተራው ከዕጣው ውስጥ ይገባና ፕሬስኮት ጣራ የሚነካውን ልጅ ተስፋ ያደርጋል። ዛቪዮን ኳስ በነካ ቁጥር አዳራሹ ያፏጫል። ሚስተር ኦቲስ አጠገቤ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው መሃል ቀብረዋል።

"ማንን ነው የሚደግፉት?" አልኳቸው።

"አትጠይቂኝ" አሉ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኦማሃ በአንድ ነጥብ ተበልጦ ነበር፤ ኳሱም ልጄ እጅ ነበር። ሁለት ሰው ተጣበቀበት። ወደ ግራ እንደሚሄድ ሆነ፣ ቆመ፣ ወረወረ። ገባ። ሰዓቱ አለቀ፤ ፉጨቱ በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የሚሰማው የእኔ ጭብጨባ ብቻ ነበር። ዛቪዮን አልዘለለም፣ ጓደኞቹንም አላቀፈም። ፕሬስኮት ወደ ተቀመጠበት ሄዶ ፊቱ ቆመና ሁለት መዳፎቹን ዘረጋ፤ ሰው ዕቃውን መልሱልኝ ሲል እንደሚያደርገው። ፕሬስኮት መዳፎቹን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለ። ያን ጊዜ ሳህኑ ትዝ እንዳለው ከፊቱ አነበብኩ።

በጋ ላይ ጣራ የሚነካው ልጅ ሌላ ከተማ ሄደ። ለባፋሎ የደረሰው ከቱልሳ የመጣ አንድ ቀጭን ልጅ ነው። ፕሬስኮት በወሩ ተባረረ።

ከቢሮው ዕቃውን የሰበሰበ ቀን በረንዳዬ ላይ መጥቶ ቆመ። የእናቴን ሳህን ይዟል፤ ለካስ ጠረጴዛው ላይ የቁልፍ ማስቀመጫ አድርጎት ኖሯል።

"ሚስ ቨርሊን፣ ለቡድኑ ይበጃል ያልኩትን ነው ያደረግሁት" አለ።

ተቀበልኩትና ውስጡን አየሁ።

"ባዶ ነው።"

"ምን ማድረግ ነበረብኝ?"

"ሎሚ ይበቃ ነበር" አልኩትና በሩን ዘጋሁ። መስኮቱ ጋ ቆሜ መኪናው ውስጥ እስኪገባ አየሁት። ደስ አለኝ። ማታ ግን እራት ለአንድ ሰው አቀረብኩ፤ ልጄ አሁንም ኦማሃ ነው፣ አሁንም አንድ ሰው በአንድ ስልክ ወደ ሌላ ከተማ ሊልከው የሚችልበት አገር ነው ያለው።

በሳምንቱ የቱልሳው ልጅ እናት ሮዌና ወደ ከተማው መምጣቷን ሰማሁ። ኮብለር ጋገርኩና በዚያው ሳህን ይዤላት ሄድኩ። ወጣት ናት፤ ሻንጣዋን እንኳ አልፈታችም።

"አዲሱ ሥራ አስኪያጅ እንዴት ደግ ሰው መሰለዎት፣ ሚስ ቨርሊን" አለችኝ። "ልጅሽ እዚህ ነው የሚያረጀው አለኝ። ቤት እያየሁ ነው።"

"ቤትሽ መጥቶ በልቷል?"

"የፊታችን እሑድ ጠርቼዋለሁ።"

ሳህኑን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

"ይብላ" አልኳት። "ቋጥረሽ ግን ምንም እንዳትሰጪው። ቤቱንም ተከራዪ።"