«ሰማሁ» የማይል ዕቃ

እማማ ወሰንየለሽ ሞኝ አልነበሩም። በቀየት ስልክ የተቋረጠው ሰኔ ላይ ነው እንጂ፣ አዲስ አበባ ያለውን ልጃቸውን ጫኔን በምስል ስልክ ሲያነጋግሩት ኖረዋል። «ከሳህ» ሲሉት «ኧረ አልከሳሁም» ይል ነበር። ፊቱ የሚታይ ሁሉ ይሰማል ብለው ቢያምኑ ምን ይፈረድባቸዋል?

ቅዳሜ ከቀየት ገበያ ሲመለሱ ከይታየው ጠላ ቤት አረፍ እንዳሉ፣ ጫኔ በቴሌቪዥኑ ብቅ አለ። ራሱ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ዓይኑ ተከድኗል።

«መኪና ገጭቶት ሆስፒታል ከገባ ሳምንቱ ነው፤ የሚያውቀው ይንገረን» አለች ዜና ነጋሪዋ።

እማማ ብድግ ሲሉ ጠላው ተደፋ። «ጫኔ ነው፤ ክርስትና ስሙ ወልደ ጻድቅ። እናቱ እኔ ነኝ፤ ያለሁት ቀየት ነው፤ ሰው ላኩብኝ።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ «እናመሰግናለን» አለች።

«ሰምታዎታለች» አለ አንዱ ጠጪ፣ እየሳቀ።

ሦስት ቀን ደጅ ደጁን ሲያዩ ከረሙ። ሰው አልመጣም። በአራተኛው ቀን ተመልሰው ይታየውን ያዙት።

«ያቺን ሴትዮ ጥራልኝ።»

«እማማ፣ ቴሌቪዥን እንደ ስልክ አይደለም። ለአገር ሁሉ ይናገራል፣ የማንንም አይሰማም። የሚደወልበት ቁጥር ሰጥተው ነበር።»

«ቁጥሩስ? ስልክ ካለበት ከተማ ወርጄ እደውላለሁ።»

«አለፈ። ማንም አልጻፈውም።»

«የማይሰማ ከሆነ ታዲያ ለምን ጠየቀኝ? እንዳንተው አፍ ብቻ ነዋ።»

ቀጥ ብለው ከመንደሩ በላይ ወዳለው የጓሳ ሣር አፋፍ ወጡ። በግ የጠፋበት ሰው ከዚያ ይጣራል፤ የሰማ «ሰማሁ» ሳይል፣ ቃሉንም ለቀጣዩ ማዶ ሳያሻግር አይቀርም።

«ኧረ ማዶ፣ የጫኔ እናት ነኝ። ቅዳሜ በቴሌቪዥን የታየውን በሽተኛ ያየ፣ ቁጥሩን የያዘ አለ?»

«ሰማሁ» አለ አንድ ድምፅ። ከእሱ ወዲያ ሌላው ተቀበለው፤ ቀጥሎ ሌላው፤ እየቀጠነ ጉሙ ውስጥ ገባ።

እማማ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። መልሱ የመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

«እማማ፣ እዚያ ማዶ ጤና ጣቢያ ያለው ቴሌቪዥን ትናንት ስለ ልጁ ተናግሮ ነበር አሉ።»

«ምን አለ?»

እጃቸውን አፋቸው ዙሪያ ከበው ሁለተኛ ጠየቁ።

«ብርድ ነው፤ ቤትዎ ይግቡ፣ እማማ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንመጣለን።»

መርዶ በጥሪ አይነገርም። እሳቸው ራሳቸው ስንቱን ቤት በማለዳ አንኳኩተዋል።

ማዶው መልስ ይጠብቅ ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና፣ እንደ ወጉ፣ «ሰማሁ» አሉ።