ከአንገት በላይ

እኔና ባሌ አንድ ሸራ ላይ እንሠራለን። ከአንገት በላይ የሱ ነው፣ ከአንገት በታች የኔ። የሥዕል ቤታችንን ስንከፍት የተስማማነው እንዲህ ነው፤ እሱ ፊት ያውቃል፣ እኔ ጨርቅ። አንዴ ያየውን መልክ ስለማይስት ደንበኞቹ «አይስቴ» ይሉታል። እኔ «የአይስቴ ሚስት» ነኝ፤ ቅጽል ስም እንኳ ከሱ ተርፎ ነው የሚደርሰኝ።

አንድ ሆቴል የጥንት ንግሥት ሥዕል ቅጂ አዘዘን፣ ዘውድ በጫነችበት ቀን ካባዋን እንደ ደረበች። በሰጡን ፎቶግራፍ ላይ ካባው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ፊቷ ግን ደብዝዟል። እኔ የወርቁን ጥልፍ ክር በክር መቅዳት ጀመርኩ። እሱ ብርሃን ጉንጭ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የሚያሳየኝ ሰው ያስፈልገኛል አለና የጎረቤታችንን የፍሬም ሠሪውን እህት ጠራት። ለብርሃኑ ነው አለኝ። ብርሃኑማ እኔም ፊት ላይ ያርፋል።

ልጅቷ እየመጣች መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ቀና በይ፣ ዞር በይ ይላታል፤ ደግሞ ያስቃታል። እኔ አጎንብሼ የካባውን ጠርዝ ስስል በቅናት ሳቃቸውን እቆጥራለሁ። ፊቱ መልክ እየያዘ ሲመጣ ደግሞ ሸራው ላይ ያለችው እሷው ሆነች፣ ከነፈገግታዋ። ያን ሁሉ ወርቅና ሐር በገዛ እጄ ያለበስኳት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና «ትወደኛለህ?» አልኩት።

«ታዲያስ» አለ፣ ዓይኑን ከሸራው ሳይነቅል።

«ይሄማ ከአንገት በላይ ነው» አልኩት።

«እሱማ እያለቀ ነው፣ ከንፈሯ ብቻ ቀረኝ» አለኝ።

ከንፈሯን በጨረሰ ማግስት ፍሬም ላምጣ ብሎ ጎረቤት ሄደ፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋለ። እኔም ስምምነታችንን አፈረስኩ። ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበር የልጅቷን ፊት በቢላ ፍቄ አነሳሁት። ከዚያ መስታወት ፊቴ አቁሜ የራሴን ሣልኩ፤ ዓይኔን፣ ሰፊውን ግንባሬን፣ ሳኮርፍ የሚጣበቀውን አፌን ሳይቀር። ፊት ያልለመደ እጄ ያሳፍረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላሳፈረኝም።

ፍሬሙን ተሸክሞ ቀድሞ የገባው ፍሬም ሠሪው ነበር። ባሌ በር ላይ ከእህትየው ጋር ወሬ ይዟል። ፍሬም ሠሪው ሸራውን አየ፣ እኔን አየ፣ ፍሬሙን ግድግዳ አስደግፎ ሳቀ።

«እትዬ፣ መቼ ነገሡ?»

ልቤ ሞቅ አለ። ሰውየው ተሰናብቶኝ ሲወጣ ባሌ ገባና ሸራው ፊት ቆመ። ይቆጣ እንደሆነ፣ ይስቅ እንደሆነ፣ ይቅርታ ይለኝ እንደሆነ ጠበቅሁት። ጠጋ አለ፣ ራቅ አለ፣ ጢሙን አሸ።

«ይቺን ሴትዮ» አለኝ፣ «የት ነው የማውቃት?»