መንገድ የበላው ዒዳ

«ስንት ሙሐረም ነበር?» አሉ ሸህ አብዱልመጂድ።

«ሃያ» አለ ኢብሮ አንገቱን ደፍቶ። «ሐሙስ ጠዋት። ያጠብኩት እኔው ነኝ።»

የቃሲም የመንገድ ባልንጀራ ኢብሮ ከአሥመራ ሸዋ ሮቢት በእግሩ የገባው ትናንት ነው። ቃሲም በወባ መሞቱን ለሚስቱ ለናፊሳ የነገራትም እሱ ነው። ለቀስተኛው ሰሌን ላይ ተቀምጦ የሸሁን ቃል ይጠብቃል። ሸሁ ዒዳውን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት ሳትወጣ የምትቀመጠውን ጊዜ፣ ለማስላት ጣታቸውን እያጠፉ ወሮቹን ቆጠሩ። አሁን ረጀብ ገብቷል፤ ቃሲም ከሞተ አምስት ወር አልፏል።

ቃሲም ግመል ነጂ ነበር። ለሱ አገር የሚለካው በማደሪያ፣ በአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ ደሴ ስድስት ማደሪያ፣ አሥመራ ሠላሳ። ጣሊያኖች ግመሎቹን ከነነጂያቸው ለጭነት ሲወስዷቸው ለናፊሳ የነገራትም ይህንኑ ነበር። «ሠላሳ መሄጃ፣ ሠላሳ መመለሻ። ከዚያ ወዲያ ከቆየሁ ተቆጪኝ።» አይሮፕላን በይፋት ሰማይ ሲያልፍ ደግሞ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይስቅ ነበር። «አሥመራ ተነሥቶ በሦስት ሰዓት አዲስ አበባ ይገባል አሉ። የት ውሃ እንዳለ ሳያውቅ መድረስ፣ ይሄ መንገደኛ ይባላል?»

«ስናጥበው አይሮፕላኑ ተነሣ» አለ ኢብሮ። «ሳንቀብረው አዲስ አበባ ገብቷል። እኔን ስመለስ ጣሊያኖች ደሴ ላይ ያዙኝና ሦስት ወር ድንጋይ አስፈለጡኝ።»

ናፊሳ ያን ሐሙስ አስታወሰችው። የእህቷ ሠርግ ነበር። ከሰዓት በፊት አይሮፕላን ሲያልፍ ልጆቹ ጮኹ፤ እሷም ሂና የተቀባ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ አየችው።

«ዒዳ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው» አሉ ሸሁ። «አራት ወር ከዐሥር ቀኑ ካለፈ አንድ ወር ሆኖታል። ጨርሰሻል፣ ልጄ።»

«ታድለሻል» አለች ጎረቤቷ ጣይባ። «እኔ የሟች ባሌን ዒዳ ስቀመጥ ወገቤ ነው የተቆረጠ። በይ፣ ከሦስቱ የለቅሶ ቀን በኋላ ገበያ እንወርዳለን።»

አንዲት ሴት በነጠላዋ ውስጥ ሳቀች። ናፊሳ አልሳቀችም።

«ምኑን ጨረስኩት፣ አባቴ?» አለች። «በዒዳዬ ሠርግ በላሁ። ሂና ተቀባሁ። ጨፈርኩ።»

«ሳታውቂ ነው። አትጠየቂበትም።»

«ለሱ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጥኩም። ከዛሬ ጀምሬ ብቀመጥ ወንጀል አለው?»

«ቤትሽ ነው፤ ማንም አያስወጣሽም። ዒዳ ግን አትበይው።»

«ስሙ ይቅር» አለች።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሰሌኑን ጠቅልሎ ተበተነ። ኢብሮም ወደ አጣዬ፣ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ጣይባ እንስራዋን አዝላ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ተነሽ እንጂ። ጎርፍ ሳያደፈርሰው ወንዝ እንውረድ።»

ናፊሳ የራሷን እንስራ ከጓዳ አወጣች። ገመዱን አስተካከለችና ከደፉ ሳታልፍ፣ በሩ ውስጥ ቆማ፣ እጇን ዘርግታ አቀበለቻት።

«ለእኔም ቅጂልኝ፣ እትዬ።»

«እስከ መቼ?»

«አራት ወር ከዐሥር ቀን።»

ጣይባ የራሷን እንስራ ከጀርባዋ አውርዳ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችና የናፊሳን ቀድማ አዘለች።