አየር የተነፈጉ እንቁላሎች

በዚያ ላቦራቶሪ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርሙስ አጥቤያለሁ። ስንቱ ዶክተር መጣ ስንቱ ሄደ፤ ስሜን ጠይቆ በማግሥቱ ያልረሳ ግን አላየሁም። የመጨረሻዋ ዶክተር የእህቴ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ሚጣ እንላታለን። አባታችን ሲሞት እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ሥራ ገባሁ፣ ታናሽ እህቴ ተማረች፤ እሷ ስለተማረች ልጇ ዶክተር ሆነች። ይህን ከእኔ በቀር የሚያስታውስ የለም።

ቤት ስትመጣ «ጋሼ» ብላ ትከሻዬን ትስማለች። ሥራ ቦታ ግን ሌላ ሰው ናት። አንድ ቀን እንግዶች ስታስጎበኝ ብሩሼን ይዤ ጥግ ቆሜያለሁ። አንዱ «እሳቸውስ?» ቢላት፣ «ጠርሙስ አጣቢያችን ናቸው» አለች። «ናቸው» ብላ አከበረችኝ ማለት ነው! «አጎቴ ነው» ብትል ዲግሪዋን የሚነጥቋት ይመስል። እሱ አልበቃ ብሏት መደርደሪያው ላይ ጣቷን አሻሽታ አየችውና «እዚህ ጋ አቧራ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ይወልወል» አለችኝ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት።

ሥራዋ የዓሣ እንቁላል ነው። አንዷ እንቁላል የሰናፍጭ ፍሬ አታክልም፤ እንደ መስተዋት የጠራች ስለሆነች ግን ውስጧ ያለው ፅንስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጓዳ በምታክል ክፍል ውስጥ ጠርሙሶቹን በሁለት ረድፍ ደርድራለች። የግራው ረድፍ እንደ ማንኛውም ውሃ አየር ያገኛል። በቀኙ ግን ከአንድ ትልቅ የጋዝ ሲሊንደር ቀጭን ጎማ ገብቶ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ኦክስጅኑን ያባርረዋል።

ደስ ያላት ዕለት ጠርታኝ በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። የግራዋ ፅንስ ዓይኗ ጠቁሯል፣ ጭራዋ ይወራጫል፣ ልቧ ትር ትር ይላል። የቀኟ ግን ግማሿን አታክልም። ጀርባዋ ጎብጧል፤ ልቧ ፎቅ እንደወጣ ሽማግሌ አንዴ መትቶ ያርፋል፣ አንዴ መትቶ ያርፋል።

«ይቺ ታናሿ ናት?» አልኳት።

«እኩያ ናቸው ጋሼ፤ በአንድ ቀን የተጣሉ። ይቺ ኦክስጅን አጥሯት ቀጭጫ ነው። ያለቻትን ለመኖር ስትቆጥብ ማደጉ ይቀርባታል። ጨርሶ ሲጠፋማ ልባቸውም ቀጥ ይላል። አየር ቶሎ ከተመለሰ ግን እንደገና ይነሳል።»

«የምትለቂባቸው መርዝ ነው?»

«ኧረ መርዝስ አይደለም! ናይትሮጅን ነው። አሁን ከምንተነፍሰው አየር አብዛኛው እሱ ነው እኮ።»

እኔም ይህቺን ቃል ያዝኩ።

ቤቴ ስገባ ያቺ ጎባጣ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ለመኖር ብቻ እየቆጠቡ ማደግ መቅረቱን እኔ ካላወቅሁት ማን ያውቀዋል! ከዚያ ወዲህ ጠዋት ቀድሜ እየገባሁ፣ እሷ ሦስት ሰዓት ላይ እስክትመጣ ለግማሽ ሰዓት ጎማውን ከጠርሙሶቹ እየነቀልኩ ትንሽ አስተነፍሳቸው ጀመር። አዝኜ ነው እላለሁ። ግማሹ ግን እልህ ነበር። ወረቀቷ ላይ አቀርቅራ «ይሄ የቀኝ ረድፍ ምን ነካው?» ስትል፣ ብሩሼን እያሻሸሁ በሆዴ እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ዘበኛው «ደሞ ዛሬ ማን ረገጠህ? ፊትህ ላይ ሎሚ የጨመቁ ይመስላል» አለኝ። ደረጃውን ወጣሁ። በእንቁላሎቹ ክፍል በር ላይ «መስኮቱ አይዘጋ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ለምን እንደማይዘጋ ለጠርሙስ አጣቢ ማን ይነግራል? አቧራው የሚገባው በዚያው አይደል? እስቲ ዛሬ አቧራ ታግኝ እንግዲህ ብዬ ጠርቅሜ ዘጋሁት።

ጎማው ጠርሙሱ አፍ ላይ ተጣብቆ እንቢ አለኝ። ስለዚህ ሲሊንደሩ አንገት ላይ ካለው ማያያዣ ነቀልኩት። እንደ ሌላው ቀን እስስ አላለም፤ ፉጨቱ ጆሮ ይበሳል። መርዝ አይደለም፣ አብዛኛው አየር እሱ ነው፣ አልኩና በሩን ዘግቼ ወረድኩ።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተመልሼ ልሰካው ነበር። ዘበኛው ግን ስለተነቀለ ጥርሱ ወሬ ጀመረ። ሐኪሙ ደህናውን ነቅሎ የታመመውን ትቶለት፣ «ሌላኛውም ቢሆን መታመሙ አይቀርም ነበር» ብሎ ሲያጽናናው! ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። እንባዬን ስጠርግ፣ «ዶክተሯ እኮ ዛሬ ቀድማ መጣች፤ ቅድም ስትስቅ በኋላህ አልፋ ገባች፤ አላየሃትም?» አለኝ።

ክው አልኩ። ያን ጊዜ የፈራሁት ለእሷ አልነበረም፤ ለራሴ ነው። ተያዝኩ፣ ነገ ከዚህ በር ውጭ ነኝ፣ እያልኩ ደረጃውን በሁለት በሁለት ወጣሁ። በበሩ መስታወት ሳይ አንድ ጫማ ለብቻው ወድቋል። ከጫማው ወዲያ ተረከዟ አለ።

በሩን በርግጄ ገባሁ። ሽታ የለ፣ ጭስ የለ፣ የሚያንቅ ነገር የለ። ሁለት ጊዜ ተነፈስኩ መሰለኝ፤ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ጉልበቴ ጥጥ ሆነ፣ ክፍሉ ከዳር ወደ መሃል ጨለመብኝ። በእምብርክኬ ወደ ኮሪደሩ ተመለስኩ። ያኔ ነው የገባኝ። አየር ሞልቶ አየር የለም። በዚያ ክፍል ውስጥ እሷ የቀኙ ረድፍ ናት።

ደረቴን ሞልቼ ትንፋሼን ያዝኩና ገባሁ። መስኮቱን በበርጩማ ሰበርኩት። ወጥቼ ተነፈስኩ። እንደገና ገብቼ በብብቷ ይዤ ጎተትኳት። ከንፈሯ ቀለም የጠጣ ይመስል ሰማያዊ ሆኗል። ኮሪደሩ ላይ አጋደምኳትና ጮህኩ።

ከዚያ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም። ዘበኛው ደረጃውን እየወጣ ሳለ ተመልሼ ገባሁ፤ ሲሊንደሩን ዘጋሁ፤ ጎማውን ቦታው መልሼ ሰካሁት። እሷ መሬት ላይ ተዘርግታ፣ እኔ ጎማ እሰካለሁ!

በመሥሪያ ቤቱ መኪና ክሊኒክ አደረስናት። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ደረቷን እያየሁ እቆጥራለሁ። ሐኪሙ «ስኳር አለባት? የሚጥል በሽታስ?» ይላል። ዘበኛው «ቁርስ አትበላም፤ ሁሌም ባዶ ሆዷን ነው» ይለዋል። ሐኪሙም እንደ ተራ መዛል ቆጥሮት «ግሉኮስ አድርጉላትና ትረፍ» አለ። ዝም አልኩ። ዝም ብል ማን ያውቃል? መስኮቱን የሰበረ፣ ልጅቷን ያወጣ ጀግና ነኝ። ዘበኛው ትከሻዬን እየመታ «አንተ ባትኖር አልቆላት ነበር» አለኝ። ሰው «የተማረ ይግደለኝ» ይላል፤ የእኔን ልጅ ግን ያልተማረ ሊገድላት ነው።

እህቴ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች በሩጫ ገባች። «ወንድምጋሼ፣ ምን ሆነችብኝ?» ብላ ክንዴን ያዘች። የሚጣ ደረት አንዴ ተነስቶ ወረደ። ሳይነሳ ቆየ።

«አየር ነው ያጣችው» አልኩ። «ናይትሮጅን ነው። ጎማውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። መስኮቱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

የእህቴ እጅ ከክንዴ ላይ ወረደ።

ሐኪሙ ግሉኮሱን ትቶ «ኦክስጅን! አሁኑኑ!» ብሎ ጮኸ። ጭንብሉን እያጠለቀላት ወደ እኔ ዞረ። «ስንት ደቂቃ ቆየች?»

«አላውቅም። እኔ ታች ስስቅ ነበር።»

«አስብ እንጂ ሰውዬ!»

«አሥር። አሥርም ላይሞላ ይችላል።» ከዚያ አንደበቴ አላርፍ አለ፤ «የዓሣዎቹ ልብ አየር ሲመለስ እንደገና ይነሳል ብላኛለች። የእሷም...»

«ሰው ዓሣ አይደለም፣ አባቴ» አለኝ ቀና ሳይል። «የሰው አንጎል አይጠብቅም።»

ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዷት። ሁለት ቀን አልነቃችም። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ከፈተች። እናቷን አወቀች፤ እኔንም አወቀች።

ከሥራ አሰናበቱኝ፤ ሲያንሰኝ ነው። እህቴ ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል አትሰጠኝም። ሚጣ ግን «ጋሼ ካልመጣ» እያለች ታስጠራኛለች። ጎማውን ለምን እንደነቀልኩ ጠየቀችኝ፤ ስለ እንግዶቹም ነገርኳት። «ያኔውኑ ብትቆጣኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ሐኪሞቹ አንጎሏ እስከ ዓመት ድረስ ክትትል ያስፈልገዋል ብለዋል። ደህና ትመስላለች፤ ትስቃለች፣ ታነባለች። ትናንት ምሳ ላይ ወሬ ይዛ ሳለ «እስቲ ያንን... ያንን...» ብላ እጇን ወደ ጠረጴዛው ዘርግታ ቆመች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ። እህቴ ሳህኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እኔም መተንፈስ አቆምኩ።

«ማንኪያውን» አለች ሚጣ በመጨረሻ፤ ወሬዋንም ካቆመችበት ቀጠለች። የማንኪያን ስም ማንም ሰው ይረሳል፤ እኔም እረሳለሁ። እህቴ ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ እኔ ግን የቀረበልኝን መብላት አልቻልኩም።