ባለ ሰባት ቃል አገር

ሰርኩላሩ የመጣው ሰኞ ጠዋት ነው። የፖስታ ቤታችን ኃላፊ ሁላችንንም ሰብስቦ ቆሞ አነበበልን። ከዛሬ ጀምሮ አገሪቱ በሙሉ ስሟ ብቻ ትጠራለች፤ ወደ ውጭ በሚላክ ደብዳቤ ሁሉ የላኪው አድራሻ ላይ ሙሉ ስሟ ይጻፋል፤ አጭሩ ስም ብቻ የሰፈረበት ደብዳቤ ግን ተለይቶ ግራጫ ጆንያ ውስጥ ይገባል። አንብቦ ሲጨርስ ጥያቄ አለ ወይ እንኳን አላለንም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቢሮውን ዘጋ።

ሙሉ ስሟ ሰባት ቃል ነው። እኛ ከተወለድን ጀምሮ የምንጠራው አጭሩ ፊት ይመጣል፣ ስድስቱ ይከተሉታል። ቴምብር መሸጫው መስኮት ላይ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ሚጢጢ ውላ ሳታድር ቅጽል ስም አወጣችለት፤ "ባቡሩ" አለችው። ደንበኛ ፖስታውን ሲያቀብላት፣ ፉርጎዎቹን ረስተዋል አባባ፣ ይቀጥሏቸው እንጂ፣ ትላለች። ሰዉም ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር። እሷ ምንም ነገር የማይከብዳት ልጅ ናት፤ እኔ ደግሞ ነገር ገና ከሩቅ ሲመጣ እሰጋለሁ።

የኔ ሥራ ከኋላ ክፍል ነው፣ ደብዳቤ መለየት። ሰው አጭሩን ስም የሚጽፈው በተንኮል አልነበረም፤ የለመደ እጅ ነው። አገሬ ናፈቀኝ የሚል ሰው ሰባት ቃል ሲደረድር ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ትእዛዝ ነው ብዬ እየለየሁ ጆንያው ውስጥ እጥል ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው እየመጣ ይወስደዋል። የት እንደሚወስደው ኃላፊያችንን ብጠይቀው፣ አንቺ ለዪ፣ ሌላው አያገባሽም አለኝ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ውጭ አገር ላለችው ልጁ በየሳምንቱ ይጽፋል። የሱም ፖስታ አጭሩን ስም ይዞ እጄ ገባ፤ ጆንያው ውስጥ ጣልኩት። በሳምንቱ ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት። ታሞ ይሆናል አልኩ። ከዚያ ሁለት ሰዎች መጥተው የስፌት መኪናውን መኪና ላይ ጫኑ፤ የአንዲት ሴት ቀሚስ ገና ግማሹ ተሰፍቶ ከመርፌው ሥር እንደተንጠለጠለ ነበር። ከመንገዱ ሰው አንድም የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። አንጀቴ ግን አረረ፤ በገዛ እጄ ነዋ አሳልፌ የሰጠሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስቱን ቃላት ራሴ እጨምር ጀመር። ሰማያዊ እስክሪብቶዬን አወጣና ከአጭሩ ስም ቀጥዬ፣ ጠበብ አድርጌ፣ ቶሎ ቶሎ እጽፋለሁ። በቀን አሥርም አሥራ አምስትም ፖስታ ይደርሰኛል። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለሚጢጢም ቢሆን፤ አብራኝ ሌት ተቀን እንዳትሳቀቅ ብዬ ነው። አልዋሽም፣ ትንሽ ኩራትም ተሰምቶኝ ነበር። ጆንያው ሳምንት በሳምንት እየቀለለ ሄደ። መቅለሉን ሌላም ሰው ያያል ብዬ ግን አላሰብኩም። ሞኝ ነበርኩ።

በሦስተኛው ወር፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ተቆጣጣሪ መጣ። ለስላሳ ሰው ነው፤ ሁላችንንም በየተራ ጨብጦ የልጆቻችንን ጤና ጠየቀ። ከዚያ የፊት ለፊቱን በር ቆለፈና አርባ የሚሆኑ ፖስታዎች የመለያው ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። ላኪዎቹ አርባ፣ የአጭሩ ስም አጻጻፍ አርባ ዓይነት፤ ስድስቱ ቃላት ግን ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው። እንዲህ ተደርድረው አይቻቸው ስለማላውቅ እኔም ራሴ ደነገጥኩ።

ለዘጠኛችንም አንዳንድ ነጭ ወረቀት አደለን። የአገራችሁን ሙሉ ስም ጻፉልኝ፣ ፈተና አይደለም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ አለ።

እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩና ገና ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ፊደሎቹን እያጣመምኩ፣ እያገዘፍኩ ጻፍኩ። ጨርሼ ሳየው የኔ አይመስልም። ተረፍኩ አልኩ በሆዴ። ቀና ስል ሚጢጢን አየኋት።

አባታችን ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ሁለታችንንም በአንድ ደብተር ላይ፣ እጃችንን በእጁ ይዞ ነው ያስጻፈን። እናታችን እንኳ የቤት ሥራችንን ስታይ የማን እንደሆነ አይለይላትም ነበር። ሚጢጢ ደግሞ አሁን አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ምንም ሳትጠራጠር፣ አሳምራ ትጽፋለች። አሳልኩ። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። ከዚያ ወረቀቷን አስረከበች።

ተቆጣጣሪው የኔን ወረቀት ገልበጥ አድርጎ አለፈው። የእሷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሦስት ፖስታ አንስቶ ፊቷ አስቀመጠ።

"ይሄ ጽሕፈት የማን ነው?"

አንደኛውን ስታይ ግራ ገባት። ሁለተኛውን ስታይ ገባት። ሦስተኛውን አላነሳችውም። በዓለም ላይ እንዲህ የሚጽፉ ሁለት እጆች ብቻ ናቸው የቀሩት፣ አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ዓይኗን ወደኔ ብታዞር ያበቃልኝ ነበር። አላዞረችም።

"የኔ ነው" አለች።

ወደ ኋላ ክፍል የሚገባ ደብዳቤ እንዴት እጇ እንደገባ ጠየቃት። መስኮቱ ላይ ሲሰጡኝ እዚያው እቀጥልላቸዋለሁ አለችው፣ ሳትንተባተብ። ባቡር እያልሽ የምትቀልጂው አንቺ ነሽ አሉ፣ አላት። አዎ አለች። እሱም ወደ እኛ ዞሮ ሌላ የሚናገር እንዳለ ጠየቀ፤ ቸኩሎም አልነበረም። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ፖስታዎቹን ስቆጥር ጊዜው አለፈ። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ጊዜ ሰጥቶን እንደነበር ነው።

ሚጢጢ የሥራ ካፖርቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ አደረገች። ተቆጣጣሪውን ተከትላ በአጠገቤ ስታልፍ ጠጋ አለችኝ።

"እትዬ፣ ለእማዬ አመሻለሁ በያት።"

በሩ ሲከፈት ውጭ ሰው ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። ኃላፊያችን ዓይኔን ሳያይ መስኮቱን ያዢ አለኝ፤ ያዝኩ። ለመጀመሪያው ሰውዬ ፖስታውን መለስኩለትና ሙሉውን እንዲጽፍ ነገርኩት። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ብቻዬን መሆኔን አይታ፣ ሚጢጢስ አለችኝ።

"ታመሻለች" አልኳት።