ሐኪሙ የስንዱን ልብ ሲለካ

ደግሞ ተነሳች፣ ይኸው አምስተኛ ጊዜዋ ነው፣ ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ጫር ያደርጋል፣ አስተርጓሚው ይርሳውም ንገራት እስኪባል አይጠብቅም፣ ቁጭ በይ ስንዱ፣ የልብስ ቁልፎቹን ልብ አድርጊ፣ ቀዩን ከቀዩ፣ ነጩን ከነጩ፣ ይላታል። ልብ አድርጊ የሚለው የራሱ ፈጠራ ነው፣ ሐኪሙ በጣሊያንኛ የሚለው ሌላ ነው፣ አሳብን አንድ ነገር ላይ ቸንክሮ ማቆየት፣ ለዚያ በአማርኛ ቃል አጣ፣ በእናቱ በአገውኛም ፈልጎ አጣ። ልብ ይሻላል።

ጣሊያን ቡሬ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ። ጦር ሰፈሩ ውስጥ፣ እህል ይከማችበት በነበረ ቆርቆሮ ቤት፣ ይህ ሐኪም ቁስል አያክምም፣ የሚመረምረው የልጅ አሳብ ነው፣ የዚህ አገር ልጅ አንድ ሥራ ላይ ስንት ደቂቃ ይረጋል፣ ሰዓቱን ይዞ ይቆጥራል፣ ይጽፋል፣ ሮም ይልካል። ይርሳው የሚያስተረጉመው ከነጋዴ ጋር ምጽዋ ሲመላለስ በለቀማት ጣሊያንኛ፣ ባንዳ ይሉታል፣ ይበሉ፣ ልጆቹ ይበላሉ።

የስንዱ እናት ሀብትነሽ በሩ ሥር ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ስትገባ ለይርሳው ነግራዋለች፣ አንቱ ጌታው፣ ይቺ ልጅ ስምንት ዓመቷ፣ አንድ ቦታ አረፍ ብላ አታውቅም፣ ወተት መናጥ ትጀምርና ጥላው ትሮጣለች፣ አፏ ላይ የመጣውን ሁሉ ትናገራለች፣ በየፀበሉ አስጠመቅኋት፣ ክፋት ግን የላትም፣ ክፋትስ የላትም። አባቷስ? ባሌ ላቀው ሞቷል፣ አለችው፣ ቶሎ፣ እሱም ቶሎ ተረጎመው፣ በዚህ አገር ባሌ ሞቷል ከሚሉት ሴቶች የግማሾቹ ባል ዱር ነው ያለው፣ ማን አያውቅም።

ስድስተኛ። አሁን በሩ ላይ ናት፣ ከመረብ ማዶ ከጣሊያን ጋር የመጣው የአስካሪዎች አለቃ፣ ሹምባሽ ሃይለ ሚካኤል ፊት፣ አማርኛ አሳምሮ ይሰማል ይህ ሰው፣ እጇን ጠመንጃው ላይ ታሳርፋለች፣ እንዲህ ያለ አባቴም አለው፣ ትላለች፣ ትናንት ጠዋት ከድርቆሹ ሥር ሲያወጣው አየሁት።



የሀብትነሽ ነጠላ ከአፏ ይወድቃል። ምን አለች? ይላል ሐኪሙ። አባቴ፣ ጠመንጃ፣ ድርቆሽ፣ ይርሳው ሦስቱንም በጣሊያንኛ ያውቃቸዋል፣ ምላሱ ላይ ተሰልፈዋል፣ እሱ ቢደብቅ ሹምባሹ ይናገራል፣ ሹምባሹ ከተናገረ ገመዱ ለይርሳውም ነው፣ ባለፈው የገበያ ቀን የሰቀሉት ሰውዬ እግሩ፣ ኧረ ተው አታስብ፣ ምን አለች? ሐኪሙ እርሳሱን አስቀመጠ፣ ወፍ አየሁ ነው የምትለው ዶቶሬ፣ ይላል ይርሳው፣ ወፍ፣ ድርቆሽ ላይ።

ሐኪሙ ወደ ሹምባሹ ይዞራል። ሹምባሹ የልጅቱን ጣቶች አንድ በአንድ ከጠመንጃው ያላቅቃል። አዎን፣ ወፍ፣ ይላል።

ሐኪሙ ይጽፋል፣ ብዙ ይጽፋል፣ ይርሳው በትከሻው ላይ አሻግሮ ያነባል፣ አሳቧ የማይያዝ፣ ንግግሯ ከምታየው ጋር የማይገናኝ። ሐሰት። ያየችውን ነው የተናገረችው፣ ከዓይኗ እስከ አፏ መዝጊያ የለም እንጂ፣ ይህ ወረቀት ሮም ይደርሳል፣ አንድ ምሁር ቡሬ ያለች ዘባራቂ ልጅ ብሎ ያነባታል፣ ዘባራቂ ያደረጋት ደግሞ ይርሳው ነው። ያንብባት። ትኑር ብቻ።

ምን ጻፈብኝ ጌታው? ሀብትነሽ ናት፣ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ልጅሽ ደህና ናት፣ ይላል ጮክ ብሎ፣ ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ ዛሬ ቤትሽ እንዳትገቢ፣ ዘመድ የት አለሽ? ግሽ ዓባይ፣ እህቴ። እንግዲያ ከዚሁ ሂጂ፣ ለሟቹም መልእክት ላኪለት፣ ከድርቆሹ ሥር ያለውን ያንሳ። ሴትዮዋ እጁን ልትስም ትጎነበሳለች፣ ተይ፣ ያያሉ፣ ስንዱ ግቢውን ወጥታ መንገዱን ይዛለች፣ እናቷ ከኋላ ትሮጣለች፣ ለካ አንዳንዴ ችኩል ልጅም ይጠቅማል።

ሹምባሹ ለምን ወፍ አለ? ልጅ ይኖረው ይሆን? ወይስ ቆይቶ ሊናገር? ማታ ሲጠጣ? ነገ? አይጠይቀውም፣ ከጠየቀው ነገሩ በመካከላቸው ይቆማል፣ ሰው ሆኖ የማይለወጥ የለም፣ ሹምባሹም ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ ነው፣ ምንም አይነበብበትም።

ትርጉሙ ትክክል ለመሆኑ እዚህ ላይ ፈርም፣ ይላል ሐኪሙ፣ ወረቀቱን እየገፋለት። ይርሳው ብዕሩን ያነሳል። እናቱ ይህን ስም ለምን እንዳወጣችለት ጠይቆ አያውቅም፣ ዛሬ ግን በሩ ላይ የቆመውን ሹምባሽ አንድ ጊዜ አየት አድርጎ፣ እንደ ጸሎት ይጽፈዋል፣ ይርሳው።