ከበርበሬ በኋላ

"በርበሬ ነው! ጤፍ የያዛችሁ ቆዩ!" ብላ ጠጄ ከወፍጮው ጩኸት በላይ ጮኸች። ወረፋ የያዙት ሴቶች በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። ከበርበሬ በኋላ ድንጋዩ በቆሎ ተፈጭቶበት ሳይጸዳ ጤፏን የምታስገባ ሞኝ አቃቂ ውስጥ የለችም።

ልጇ ያደታ ከከረጢቶቹ ጀርባ ቁጭ ብሎ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ሥራው ብየዳ ነው። ሲመቸው ደግሞ የዚህን ወፍጮ ድምፅ እየቀዳ፣ እየቆራረጠና እየደራረበ ሙዚቃ ይሠራል። ሙዚቃ የሚለው እሱ ነው እንጂ ሰፈሩስ "የያደታ ጩኸት" ነው የሚለው። ቢሆንም ውጭ አገር ያለ አንድ ትንሽ አሳታሚ፣ የብዙ ሰው ሥራ አንድ ላይ በሚያወጣባቸው አልበሞች ውስጥ ሁለት ጊዜ አስገብቶለታል። የመጀመሪያውን የገመገመው ሰው "የአዲስ አበባው ልጅ ማሽኑን ያስጠግን" ብሎ አለፈ። የሁለተኛው ግምገማ የወጣው ገና ዛሬ ጠዋት ነው።

"ምን አሉህ? አንብብልን እንጂ!" አለች እህቱ ቢፍቱ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ሆና።

"ተይኝ እስቲ!"

መች ትተወውና! ስልኩን መንጭቃ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብ ጀመር። "'ከአልበሙ ሁሉ ልብ የሚሰብረው፣ ባሏን የቀበረች የአንዲት አፍሪካዊት እናት ሙሾ ነው። ከኋላ የቀብር ከበሮ ይመታል። ስሰማው አለቀስኩ።'"

ጠጄ ሞተሩን አጠፋች።

"የማን ሙሾ?"

"ያንቺ ነዋ፣ እማዬ። 'በርበሬ ነው' እያልሽ የምትጮኺውን እኮ ነው ያስገባው።"

"ማንን ቀበርኩና?"

ሴቶቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። የጠጄ ባል አቶ ሮሪሳ፣ የፋብሪካ ጡረተኛ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ ፀሐይ ይሞቃሉ።

"እኔን ነው?" አሉ ማኘካቸውን አቁመው። "መቼ?"

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ጠጄ ግን አልሳቀችም።

"በስመ አብ! ምን ዓይነት ሟርት ነው! አንተ ነህ ይህን ያልካቸው?"

"እኔ ምን አልኩ?" ያደታ ብድግ አለ። "'ወፍጮ' ብዬ ነው የላክሁት! ርዕሱ 'ወፍጮ' ነው! ከበሮ ያሉት እኮ ይሄ የሞተሩ ቺንጊያ ነው! ኧረ ምን ጉድ ነው! ሲጠሉት ማሽን ተበላሸ፣ ሲወዱት ሰው ሞተ!"

"ታዲያ ንገራቸዋ!"

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከግምገማው ጋር የአሳታሚው መልእክት ተከትሎ መጥቷል። ቀጣዩ አልበም የሐዘን ድምፆች ስብስብ ነው፤ የእናቲቱን ሙሾ ሁለተኛ ክፍል ዛሬውኑ ከላከ የአልበሙ መክፈቻ የእሱ ይሆናል፤ ካልሆነ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። መክፈቻ! ያደታ ይህችን ቃል ሲመኝ ነው የኖረው። እውነቱን ከተናገረ ዕድሉ ያመልጠዋል፤ ዝም ካለ ደግሞ አባቱን በቁማቸው ቀበረ ማለት ነው።

"እማዬ፣" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንዴ ብቻ... ትንሽ እንጉርጉሮ ቢጤ ብትዪልኝስ?"

ቃሉን ሳይጨርስ አፈረ።

"በቁሙ ላልቅስለት?" ጠጄ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ሞተሩ ሥር ተኝተህ ስትቀዳ ሰው 'ልጅሽ ለየለት' ሲለኝ፣ 'ሥራውን ነው የሚሠራው' እያልኩ ስንቱን ተጣላሁልህ! ለዚህ ነው?"

ያደታ ይህን አያውቅም ነበር።

"ተዪው በቃ፣" አሉ አቶ ሮሪሳ ሊያበርዱ፣ "ልጁ የሚጠቀም ከሆነ ትንሽ ብሞትለት ምን አለበት?"

"አፍህን ዝጋ አንተ!" ጠጄ በንዴት ሞተሩን አስነሳችና የተረፈውን በርበሬ ገለበጠችው። ቀዩ ብናኝ በበሩ ወጣ። አቶ ሮሪሳ ቆሎው ከእጃቸው እስኪበተን ድረስ አስነጠሱ።

"ይማርዎት!" አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ።

"ያኑራችሁ!"

ያደታ ስልኩን ከቢፍቱ ነጥቆ መቅጃውን ነካ። አባቱ ማስነጠሳቸውን ደገሙት። ሴቶቹም ደገሙት። በሦስተኛው ላይ፣ ጠጄ ፊቷን እንዳዞረች፣ ቁጣዋ ሳይበርድ፣

"ይማርህ!" አለች ጮክ ብላ።

"ያኑርሽ፣ የኔ እመቤት!"

ያደታ አልቆረጠውም፣ አልደራረበውም፤ እንዳለ ላከው። ከሥሩ እውነቱን በሁለት መስመር ጻፈና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ የበቆሎውን ከረጢት ተሸክሞ ወደ ወፍጮው መጣ።

"ምን አልካቸው?" አለች ጠጄ፣ ሳታየው።

"በርበሬ ነው አልኳቸው።"